ጀማሪውንም ፕሮውንም የሚያቆይ ጌም ለመሥራት፦ መንገዶቹ ሲነጻጸሩ

ባለ ብዙ ተጫዋች ጌም የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጭንቅ ላይ ይደርሳል። ዛሬ ስልኩ ላይ የጫነው ልጅ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ተቀጥቅጦ ጌሙን እንዳያጠፋው ምን ይደረግ? እሱን ለማቆየት ተብሎ ጨዋታው ሲቀል ደግሞ ሁለት ዓመት የለፋበት ተጫዋች "ከእንግዲህ የምማረው የለም" ብሎ እንዳይሄድስ?

ብዙ ጊዜ ነገሩ "ቀላል ይሁን ወይስ ከባድ?" ተብሎ ይቀርባል። እንዲህ ሲቀርብ ገና ከመነሻው የተበላሸ ይመስለኛል። ለመጀመር ቀላል መሆንና ለመጨረስ ከባድ መሆን አይጣሉም። የገበጣን ሕግ ልጅ ቆሎውን ቆርጥሞ ሳይጨርስ ይይዘዋል፤ የሰፈሩን አዋቂ ለመርታት ግን ዓመታት ይፈጃል።

ስለዚህ እዚህ መንገዶቹን የማነጻጽረው በሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛ፣ ለጀማሪው የሚደረገው ድጋፍ ወጪው የሚወጣው ከማን ነው? ከፕሮው? ከሁሉም ተጫዋች? ከሠሪው? ሁለተኛ፣ መንገዱ እንዲሠራ በአንድ ሰዓት ስንት ሰው መስመር ላይ መኖር አለበት? ትናንሽ ስቱዲዮዎችን የሚጥለው ሁለተኛው ነው። ከግዙፎቹ የሚቀዷቸው መፍትሔዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጫወት ብቻ ነውና።

ዕድል ማስገባት

የቆየው መንገድ ይህ ነው። በመኪና እሽቅድድሙ ጌም ማሪዮ ካርት፣ መንገዱ ላይ የተደረደሩትን ሳጥኖች ስትመቱ የምታገኙት ዕቃ እንደ ደረጃችሁ ይለያያል። ፊት ያለው የሙዝ ልጣጭ ቢጤ ይደርሰዋል፤ ኋላ የቀረው ኮከብና ሌላም ወደ ፊት የሚያስፈነጥር ነገር ያገኛል። በ1996 ማሪዮ ካርት 64 ላይ የመጣው ሰማያዊ ዛጎል ደግሞ አንደኛውን አሳድዶ የሚመታ ነው። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅና ጎረምሳው ወንድሟ አብረው ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ወጪውን የሚሸፍነው በደንብ የነዳው ነው። የሚፈለገው ሰው ብዛት? አንድ ሶፋ የሚችለው ያህል።

ዕድል ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንዱ መልስ ያለው ዕድል ነው። የሙዙን ልጣጭ ከኋላችሁ ይዛችሁ ከነዳችሁ ከኋላ የሚመጣባችሁን ተራ ዛጎል (ሰማያዊውን ሳይሆን) ይመክታል፤ ስለዚህ ጎበዙ ዕቃውን መቼ እንደሚጠቀምና መቼ እንደሚይዝ ማሰብ አለበት። ዕድሉ ራሱ ሌላ ችሎታ ይወልዳል። ሁለተኛው መልስ የሌለው ዕድል ነው፤ ይመጣል፣ ይመታችኋል፣ አለቀ።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት ከፍልሚያ ጌሙ ከሱፐር ስማሽ ብሮስ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ2001 ለኒንተንዶው ጌምኪዩብ የወጣው ክፍል፣ ሜሌ፣ ከሰማይ የሚወርዱ ቦምብና ጎራዴዎች የሞሉበት የቤተሰብ ጌም ነው። ነገር ግን ዕቃዎቹን ከማስተካከያው ማጥፋት ይቻላል። ተወዳዳሪዎች አጠፏቸው፤ ሥሩ ደግሞ ጥልቅ ሆኖ ተገኘ። ለምሳሌ ከአየር ላይ እየመታችሁ ስትወርዱ፣ እግራችሁ መሬት ከመንካቱ በፊት ባሉት 7 ፍሬሞች (ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚቀያይራቸው ምስሎች) ውስጥ የመከላከያውን ቁልፍ ከተጫናችሁ ካረፋችሁ በኋላ ደርቃችሁ የምትቆዩበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 7 ፍሬም ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ አይሞላም። ይህን በየምቱ ማድረግ የቻለና ያልቻለ ሰው አንድ ጌም የሚጫወቱ አይመስሉም።

በ2008 ለቀጣዩ የኒንተንዶ መሣሪያ ለዊ የመጣው ተከታዩ ክፍል ብሮል ይህን ክፍተት ለማጥበብ ተነሳ። የማረፊያው ዘዴ ቀረ። እዚያው ላይ ቢቆም ኖሮ ክርክር ያለበት፣ ግን የሚገባ ውሳኔ ይሆን ነበር። ጨመሩበት እንጂ፦ ገጸ ባሕርያቱ ለመሮጥ ሲነሱ አልፎ አልፎ በዘፈቀደ ተደናቅፈው ይወድቃሉ። ማጥፊያ የለውም። ይህ ለጀማሪው ምን ጠቀመው? ምንም። እሱም ይደናቀፋል! ፕሮው በጥንቃቄ ያቀደውን ከማፍረስ በቀር አዲሱን ተጫዋች አንድ ስንዝር ወደፊት አላራመደም። ተወዳዳሪዎች ብሮልን ራሱን እየበለቱ ፕሮጀክት ኤም የሚባል ወደ ሜሌ የተጠጋ የራሳቸው ቅጂ ሠሩ። በ2013 ደግሞ ኢቮ በሚባለው ትልቅ የፍልሚያ ጌሞች ውድድር ላይ አንድ ቦታ በእርዳታ ማሰባሰቢያ ሲወሰን፣ የ12 ዓመቱ ሜሌ ደጋፊዎች ለጡት ካንሰር ምርምር ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተው ጌማቸውን አስገቡ። በ2014 የወጣው ቀጣዩ ስማሽ መደናቀፉን አስወገደ፤ የኦንላይኑንም ጨዋታ ለመዝናናትና ለክብር ብሎ ለሁለት ከፈለው።

የተሸነፈን መደገፍ የግድ ዕጣ መጣል አያስፈልገውም። የተኩስ ጌሙ ካውንተር ስትራይክ ጎ ላይ ዙር የተሸነፈ ቡድን ለቀጣዩ ዙር መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ሽንፈቱ ሲደጋገም ገንዘቡ ከ1400 ተነስቶ በ500 እያደገ እስከ 3400 ይደርሳል። ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ "ይህን ዙር ባዶ እጃችንን ገብተን ብሩን እናጠራቅም ወይስ አሁኑኑ እንግዛ?" የሚለው ራሱ የጨዋታው ግማሽ ሆነ። ጀማሪው ከውድቀት መነሻ አገኘ፤ ፕሮው ደግሞ የሚያሰላው ነገር አገኘ። ከዕድል ወገን ከሆናችሁ እንኳ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ እላለሁ።

እጅን ማቅለል

አንድ ሰው ጌም ላይ ሲቸገር ሁለት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፦ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፣ ወይም ያውቃል ግን ጣቱ አይታዘዘውም። ሁለተኛውን ማቃለል ጥልቀቱን እምብዛም አይነካውም። የመጀመሪያውን ማቃለል ግን ጌሙን ራሱን መቁረጥ ነው።

ሰኔ 2023 የወጣው የፍልሚያ ጌም ስትሪት ፋይተር 6 ይህን ከማንም በተሻለ የተረዳ ይመስለኛል። ከተፋላሚዎቹ አንዱን፣ ሪዩን፣ ይዛችኋል እንበል። ተጋጣሚያችሁ ዘልሎ ከላይ እየመጣባችሁ ነው። በክላሲክ (በድሮው) አያያዝ ሾርዩከን የሚባለውን ወደ ላይ የሚወጣ ቡጢ ለማውጣት አቅጣጫውን ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል ወዳለው ማዕዘን ወስዳችሁ ቡጢ መጫን አለባችሁ፤ እሱ አየር ላይ ያለው ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ጀማሪ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ሲያደርገው ግን ሰውየው ጭንቅላቱ ላይ አርፏል። ሞደርን በሚባለው አያያዝ ወደ ፊት ይዞ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል።

ነፃ ግን አይደለም። በአቋራጩ ቁልፍ የወጣ ልዩ ምት ጉዳቱ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ክላሲክ ስድስት የቡጢና የእርግጫ ቁልፎች ሲኖሩት ሞደርን ሦስት ብቻ ስላሉት አንዳንድ ተራ ምቶች ጭራሽ አይገኙም። ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ በሞደርን ውስጥ ሆናችሁም ድሮ እንደሚደረገው አቅጣጫውን አዙራችሁ ካወጣችሁት ምቱ ሙሉ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ጀማሪው አስቸኳይ ሲሆንበት አቋራጩን ይጫናል፤ ፋታ ሲያገኝ ትክክለኛውን ይለማመዳል። ደረጃው የተሠራው ከጨዋታው ውስጥ ነው።

ክላሲክ ተጫዋቾች በዚህ አማርረዋል፤ "ወራት የለፋሁበትን በአንድ ቁልፍ" የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም አይባልም። ዘልሎ የሚመጣን በቅጽበት መመለስ ትልቅ ጥቅም ነው። የሆነ ሆኖ ወጪው ግልጽ ነው፣ ተቆጥሯል፣ ሁለቱም ወገን ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ሁለቱም በአንድ ራንክ (የደረጃ መሰላል)፣ ተጋጣሚ በሚጠበቅበት በአንድ ወረፋ ይጫወታሉ። ሕዝቡ አልተከፈለም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለትንሽ ስቱዲዮ ወርቅ ነው።

ተቃራኒው ሂሮስ ኦፍ ዘ ስቶርም ነው። ብሊዛርድ በ2015 ያወጣው ይህ ጌም ከቡድን ፍልሚያ ጌሞቹ ከሊግ ኦፍ ሌጀንድስና ከዶታ 2 ጋር ሲፎካከር ወርቅና የሚገዙ ዕቃዎችን አስወገደ፤ ገጸ ባሕርይን የሚያሳድገው የልምድ ነጥብም ለመላው ቡድን የጋራ ሆነ። ለጀማሪ ምቹ ነው፤ እኔም በጣም እወደው ነበር። ነገር ግን የተወሰደው የጣት ሥራ ሳይሆን ውሳኔ ነው፦ ምን ልግዛ፣ ከማን ልቅደም፣ መቼ ለብቻዬ ልክበር። አንድ ጎበዝ ብቻውን ጨዋታውን የሚገለብጥበት መንገድ ጠበበ። በታኅሣሥ 2018 ብሊዛርድ የጌሙን የፕሮፌሽናል ሊግ አቋረጠ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በዚያ ገበያ ዘግይቶ መግባትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ውሳኔን ቆርጦ ለጀማሪ መስጠት ግን ጀማሪው ካደገ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ያሳያል።

ሞድ መለየት

ፎርትናይት በ2017 ባትል ሮያሉን (መጨረሻ የተረፈው የሚያሸንፍበትን ጨዋታ) ሲያወጣ መለያው ግንባታ ነበር፦ ጥይት ሲመጣባችሁ ግድግዳ ታቆማላችሁ። ዓመታት ሲያልፉ ተጫዋቾች በሰከንዶች ውስጥ ፎቅ የሚሠሩ ሆኑ፤ አዲስ የገባው ሰው ተኩሶ ሳይጨርስ ተጋጣሚውን ከራሱ በላይ ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ ያገኘዋል። የጌሙ ሠሪ ኤፒክ መጋቢት 20 ቀን 2022 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ግንባታን ከዋናዎቹ ሞዶች (የአጨዋወት ዓይነቶች) ለጊዜው አነሳው፤ በዚያው ወር 29 ደግሞ ግንባታው ሲመለስ ያለ ግንባታ የሚጫወቱበት ሞድ ራሱን ችሎ ቀረ። ጌሙን ትተው የነበሩ ብዙዎች በዚያ በር ተመለሱ። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ተመሳሳይ ነገር አለው፦ በአንድ መስመር ብቻ፣ በዕጣ በደረሰ ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት አራም ተጫዋቾች ራሳቸው የፈጠሩት ነበር፤ የጌሙ ሠሪ ራዮት አይቶ የራሱ ሜዳ ሠራለት።

በዚህ መንገድ ማንም ማንን አይጎዳም፤ ስለዚህ ሁሉም ይወደዋል። ወጪው የተደበቀው ወረፋው ውስጥ ነው። እስቲ እናስላው። አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት ጌም አላችሁ፤ በአንድ ሰዓት 300 ሰው ገብቷል። ሁለት ሞድ፣ ሦስት የሰርቨር አካባቢ፣ አምስት የራንክ እርከን አላችሁ። 2 በ3 በ5 ሲባዛ 30 ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በአማካይ 10 ሰው፤ ልክ አንድ ጨዋታ። 11ኛው ሰው ያ ጨዋታ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ አይጠብቅም እንጂ፣ ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ከዚያ 299 ትሆናላችሁ።

ተመጣጣኝ ተጋጣሚ ማገናኘት

ጌሙን ሳይነኩ ጀማሪን ከጀማሪ፣ ፕሮን ከፕሮ ማጋጠም። ከቼዝ የመጣው የኢሎ ስሌት እንደሚለው በ200 ነጥብ የሚበልጠው ከመቶ 76 ያህሉን፣ በ400 የሚበልጠው 91 ያህሉን ያሸንፋል። አንድ ልጅ ከአስራ አንድ ጨዋታ አንዱን ብቻ እያሸነፈ የሚቆይበት ጌም ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ማገናኛ ከሌላችሁ ሌላው ድካማችሁ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ማገናኛው ግን የሚመርጥበት ሰው ይፈልጋል። 40 ሰው ካለ የዓለም ምርጥ ስሌትም የሚያገናኛችሁ ካለው ሰው ጋር ነው።

ክፍተቱን በቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ በሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) መሙላት የተለመደ ሆኗል። ፎርትናይት በ2019 አስገብቷቸዋል፤ እዚህ አገር በስልክ ፐብጂ ሞባይል የጀመረ ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ቆመው የሚጠብቁትን ጠላቶች ያውቃቸዋል። እኔ ቦትን አልቃወምም። የምቃወመው ሰው አስመስሎ ማቅረብን ነው። ልጁ አሥር ገድሎ ለጓደኞቹ ከፎከረ በኋላ እውነቱን ሲያውቅ የሚሰማውን አስቡት። ቦት ነው ብሎ መንገር ምንም አያጎድልም።

ጥልቀቱን ከቀላሉ ነገር ውስጥ ማስቀመጥ

ሮኬት ሊግ፦ መኪና፣ ኳስ፣ ሁለት ጎል፣ አምስት ደቂቃ። እግር ኳስ ያየ ሰው ማን እየመራ እንደሆነ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳያስረዳው ያውቃል። ጀማሪውም ፕሮውም የሚያደርጉት አንድ ነው፦ ኳሱን መምታት። ልዩነቱ ፕሮው አየር ላይ እየበረረ፣ መኪናውን እያሽከረከረ፣ 100 የምትሞላውን ነዳጅ ቆጥቦ ይመታዋል። የሚገዙት ነገሮች መልክ እንጂ ጉልበት አይጨምሩም። ወጪውን የሚችለው ሠሪው ነው። የጌሙ ሠሪ ሳዮኒክስ በ2008 ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ረጅም ስም አውጥቶት ነበር፤ እምብዛም ሳይታወቅ አልፎ በ2015 እስኪሳካ ሰባት ዓመት ወሰደ። እንዲህ ያለ ዕንቁ ካገኛችሁ ያዙት፤ "እናገኘዋለን" ብሎ በጀት መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ላግን (የኔትዎርክ መዘግየትን) ሳይቆጥሩ መምረጥ አይቻልም

ይህ ክፍል ለእኛ አገር ሠሪዎች ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ነው፤ ተጫዋቹ ጎንደር ወይም አዳማ። በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ፒንጉ (መልእክት ሄዶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ የአንዱ እንቅስቃሴ ለሌላው የሚደርሰው 75 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚሄድ ጌም ይህ አራት ፍሬም ተኩል ነው። አሁን የፍልሚያ ጌሞች የሚጠቀሙበት ሮልባክ የራሳችሁን ቁልፍ ወዲያው ያሳያል፤ የተጋጣሚውን ይገምታል፣ ከተሳሳተ ያርማል። ስለዚህ በጣት ቅልጥፍና ላይ የተመሠረተ ጥልቀት ይተርፋል፤ አይቶ በመመለስ ላይ የተመሠረተው ግን ይሸረሸራል።

ለዚህ ኔትዎርክ የምመርጠው ጥልቀት የውሳኔ ጥልቀት ነው። ክላሽ ሮያል በስምንት ካርድና በሦስት ደቂቃ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ካርድ በገንዘብ ማሳደጉ ባይኖርበት ደግሞ ምስጋናዬ ሙሉ ይሆን ነበር። ፍሪ ፋየር በበኩሉ በ50 ሰውና በአስር ደቂቃ ገደማ ጨዋታ፣ በደካማ ስልክም ስለሚሠራ፣ ብዙ ሰው አስገብቷል። "ለጀማሪ ምቹ" ሲባል ስልኩም ጀማሪ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

እና የትኛው?

በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቴሌቪዥን የሚጫወቱት ጌም ከሆነ ዕድልን አስገቡ፣ መልስ ያለው ይሁን፣ ማጥፊያም አድርጉለት። በፕሌይስቴሽን ቤት ጎበዙ ባለ ሦስት ኮከብ ቡድን ይዞ ለደካማው ባለ አምስቱን ሲለቅ እንደምታዩት፣ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ራሳቸው ይመዛዘናሉ፤ እናንተ መመዘኛውን ብቻ ስጧቸው።

በጥቂት ሰው ኦንላይን ለምታወጡ ሞድ አትለዩ፤ ራንክም መጀመሪያ ላይ አታብዙ። አንድ ወረፋ፣ አጭር ጨዋታ፣ የጣት ሥራውን የሚያቀል አማራጭ ከታወቀ ወጪ ጋር፣ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት ቦት። ሞድ መለየት የምትመኙት ወረፋው በሰከንዶች የሚሞላበት ቀን ሲመጣ ነው፤ ያኔ ከማንኛውም ሌላ መንገድ ይሻላል ብዬ ሳላመነታ እመክራለሁ። ጀማሪንም ፕሮንም እኩል የሚያደናቅፍ ነገር በምንም ሁኔታ አታስገቡ።

ከእነዚህ አንዱንም ኮድ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ጌሙን የማያውቅ ሰው አስቀምጡና ሦስት ጊዜ ይሸነፍ። ከዚያ "ለምን ተሸነፍክ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ዝም ብዬ ስዘል ጠበቀኝ" ካለ፣ ከላይ ካሉት መንገዶች መምረጥ ትችላላችሁ። "እኔ እንጃ፣ ድንገት ሞትኩ" ካለ ግን ችግሩ ጌሙ መክበዱ አይደለም፤ የሆነውን አላሳያችሁትም። ያኔ ቅድሚያ የሚሰጠው የምቱ ድምፅ፣ የመታው ሰው ከየት እንደተኮሰ የሚያሳየው ቅጂ፣ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው።